ራምፑን የሠራው ሰውዬ

ልቤ እንደዚያ ሐሙስ ጠዋት የዘለለችበት ሌላ ቀን ቢኖር የሰርጌ ቀን ነው፤ እሱም ቢሆን ጫማ ጠቦኝ ስለነበር ሙሉ ደስታ አይባልም። በዚያ ሐሙስ ግን ጫማ የሚያስጨንቀው እግር አልነበረኝም። እግሮቼማ አሉ፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆሙ ግን አምስት ወር አልፏቸው ነበር። ስለዚህ ደስታዬን የሚቆነጥጥ ነገር አልነበረም። ይኸው፣ ወሬውን ከጣሪያው ጀመርኩት። ባለቤቴ ሁልጊዜ የምትወቅሰኝ በዚህ ነው። ወርጄ ከወለሉ ልጀምር፤ ድሮም የወለል ሰው ነኝ።

ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ተንበርክኬ ኖሬአለሁ፤ የሰው ሳሎን፣ የሰው መታጠቢያ ቤት፣ የክሊኒክ ኮሪደር፣ የቢሮ ደረጃ። የሥራ ጓደኞቼ ስሜን ትተው "ውሃ ልክ" ይሉኛል፤ ሆዷ ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽና አንዲት አረፋ ባላት በዚያች መለኪያ ስም። እኔ ያነጠፍኩት ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጡ ወዴት እንደሚንከባለል ግራ ይገባዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በማለስለስ ነበር። ሥራ ስጨርስ መዳፌን ወለሉ ላይ አሳልፋለሁ፤ አንዲት ሻካራ ነገር ከነካችኝ ያችን ሴራሚክ ነቅዬ እንደገና እጀምራለሁ። ደንበኞቼ "ፊታችንን የምናይበት ወለል" ይሉኝ ነበር፣ እኔም ደረቴን እነፋ ነበር።

የወደቅኩት ግን ከወለል አይደለም። የአንድ ሕንፃ የውጭ ግድግዳ ላይ ጥቂት ሴራሚክ ቀርቶኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ጣውላ ላይ ወጣሁ። ጣውላውን ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። በሽቦ ማሰር ነበረብኝ። "ለአምስት ደቂቃ ሥራ ምን ያስለፋኛል" አልኩና ሳላስር ወጣሁ። ጣውላው ዞረ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ። ህብለ ሰረሰሬ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ ተጎዳ። ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ "እግሮችህ ወደ ነበሩበት የሚመለሱ አይመስለኝም፤ እጆችህ ግን ምንም አልሆኑም" አለኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

አራት ሳምንት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ግድግዳው ራሱ ጠማማ ነበር፤ የለሰነውን ሰውዬ በሆዴ መስደብ ብቻ ነበር ሥራዬ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ "አይዞህ" ይለኛል፣ ብርቱካን ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ከእግሬ ላይ ያሸሻል፣ ይሄዳል።

በአምስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት በዊልቸር እየገሰገሰች መጥታ አልጋዬ ሥር ቀጥ አለች። ዕድሜዋ ሃምሳን የዘለለ፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ የተንጠለጠለ ሴት ነች። በሆስፒታሉ ውስጥ ቀደም ብሎ የተጎዳ ሰው አዲስ የተጎዳውን እየጎበኘ የሚያግዝበት አሠራር ነበር፤ ለእኔ የደረሰችኝ እሷ ነች። ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታለች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አውቶቡሱ ተገልብጦ እንደኔው ሆናለች። ሁሉም "ሹፌሯ" ነው የሚላት።

"ሽንትህን ማን ነው የሚያስወጣልህ?" አለችኝ፣ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል።

"ምን?"

"ሽንት። ቱቦዋን የምታስገባው አንተ ነህ ወይስ ነርሷ?"

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች አንገቷን ደፋች። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።

"እርስዎን ማን ነው የላከዎት?" አልኩ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"አንቺ በለኝ። አንቱታ ዊልቸር አይገፋልኝም። ሌላው ሰው 'አይዞህ' ሊልህ ይመጣል፤ እኔ የመጣሁት ሱሪ መልበስ ላስተምርህ ነው። ተነስ።"

"መነሳት ብችልማ…"

"እኔም አልችልም። ይኸው ሱሪ ለብሻለሁ።"

አራት ሳምንት ሙሉ እንዲህ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያዘነልኝ ስለነበር ዝም ብዬ አሸንፍ ነበር። በዚያ ቀን በአርባ ሦስት ደቂቃ ሱሪ ለበስኩ። ተኝቼ ወደ ግራ ስንከባለል፣ ወደ ቀኝ ስንከባለል፣ አንዱን እግሬን በእጄ ጎትቼ ሳጣጥፍ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ባለቤቴ ልታግዘኝ ሦስት ጊዜ ብድግ አለች።

"አንቺ መምህርት ነሽ አሉ" አለቻት ሹፌሯ። "እንግዲህ ቁጠሪ። ሲቸገር ስታዪ እስከ ስልሳ ቁጠሪና ከዚያ እርጂው። ከስልሳ በፊት ከነካሽው ተጣልተናል።"

ባለቤቴ አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ስንት ሕፃን ቁጥር ያስቆጠረች ሴት በዚያ ቀን ከአሥራ ሁለት ተነስታ ሠላሳ ስትገባ በጆሮዬ ሰማሁ። ቀበቶዬን ሳስር ሹፌሯ ፊሽካዋን ነፋች፤ ነርሷ ምን መጣ ብላ እየሮጠች ገባች። እኔ ሱሪ ለብሼ ተኝቼ እስቅ ነበር። ከወደቅኩ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝ። ሱሪው ወደ ሃያ ደቂቃ ወረደ፣ ከዚያ ወደ አሥራ አንድ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር በእንጨት ሰሌዳ ተንሸራትቼ መሻገር ቻልኩ። ቱቦዋንም ራሴ ማስገባት ጀመርኩ፤ ለካ ሰው በዚህም ይኮራል። ሹፌሯ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ትጮህብኛለች። ከሁሉ በላይ የምትጮህብኝ "ሞተር!" እያለች ነው። ሞተር ማለት በየሩብ ሰዓቱ በክንዴ ተደግፌ መቀመጫዬን ከወንበሩ ማንሳት ነው። "ስሜት የለህም፤ ቁስል ሳይነግርህ ይገባብሃል" ትለኛለች። "እኔን አንድ ቁስል ስድስት ወር በደረቴ አስተኝቶኛል። አንተ ብትደግመው በፊሽካዬ ነው የምገድልህ።"

በአሥራ አራተኛው ሳምንት ቤቴ ገባሁ። ከእስር እንደ ተለቀቀ ሰው ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን አሳለፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሥራ ሣጥኔን አየሁትና ሆድ ባሰኝ። የጎማ መዶሻዬ፣ መቁረጫዬ፣ ውሃ ልኬ። ሱሪ መልበስ ጥሩ ነው፤ ግን ሱሪ ለብሶ የት ይኬዳል? የቀድሞ አለቃዬ ፎርማኑ ሊጠይቁኝ መጥተው "የሕንፃ ጥበቃ ሥራ እፈልግልሃለሁ፤ በር ላይ ቁጭ ማለት ነው፣ አያደክምም" አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አሥራ ስድስት ዓመት ወለል ያነጠፍኩ ሰው የሌላ ሰው ወለል ልጠብቅ?

ይህን ለሹፌሯ ስነግራት "ሐሙስ ና" ብቻ አለችኝ።

ሐሙስ ሐሙስ እንደኛ የሆኑ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር። ከባለቤቴ ጋር በታክሲ ደረስን። በሩን አልፈን ግቢው ውስጥ እንደገባን ጎማዬን ይዤ ቆምኩ።

ያን መግቢያ አውቀዋለሁ። ሦስት ደረጃ፣ ከጎኑ ደግሞ ለዊልቸር መውጫ የተሠራ ተዳፋት፣ እኛ ራምፕ የምንለው። ከላይ እስከ ታች ክሬም ቀለም ባለው ሴራሚክ የተነጠፈ፣ መጋጠሚያው እንደ ክር የቀጠነ፣ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ። ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ፎርማኑ "ለራምፕ ሁለት ሜትር ቦታ አለህ" ብለውኝ ሄዱ፤ እኔም በሁለት ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ ጨርሼ፣ አሳምሬ፣ አለስልሼ፣ ፎቶ ተነስቼበታለሁ። ማን እንደሚወጣበት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ወደ ላይ ልትገፋኝ ሞከረች። ጫማዋ ተንሸራተተና ሁለታችንም ወደ ኋላ መጣን። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ከውስጥ ወጥተው አንዱ ከፊት እየጎተተ፣ አንዱ ከኋላ እየገፋ እንደ ቁም ሣጥን አስገቡኝ። ፎቶውን አሳይቻት ነበርና ባለቤቴ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች።

ውስጥ አሥር የምንሆን ሰዎች በዊልቸር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሹፌሯ በጓዳ በኩል፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ዞራ ገባች። ማንም እንዲገፋት አትፈቅድም፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ በፊት በር ገብታ አታውቅም። ቦታዋን ይዛ ቀኝ እጇን ወደ ራምፑ ዘረጋች።

"ይህን የሠራ ሰውዬ እግሩ ተይዞ፣ በዊልቸር መጥቶ፣ ራሱ ይውጣው!"

"አሜን!" አሉ ሁሉም እየሳቁ።

"አሜን" አልኩ እኔም። ምን ልበል? ሁሉም ሲል ዝም ማለት ያስጠረጥራል። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁ፤ ታልቅስ ትሳቅ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ለካ ስብሰባው ሁልጊዜ የሚከፈተው በዚህ እርግማን ነው። ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ያደረገውን አንድ አዲስ ነገር ይናገራል፤ አንዱ ብቻውን ገበያ ሄዷል፣ አንዷ ልጇን በጭኗ አስቀምጣ ትምህርት ቤት አድርሳለች። ይጨበጨባል። እኔ "ሸሚዝ ተኮስኩ" አልኩና አለፍኩ።

ሁለት ሐሙስ እንዲህ ሸሸግኩ። ሁለቴ እንደ ዕቃ ተጎትቼ ገባሁ፣ ሁለቴ የራሴን እርግማን በአሜን ዘጋሁ። ቤት ስገባ ግን አላረፍኩም። ውሃ ልኬን ከሣጥኑ አወጣሁና ያገኘሁትን ነገር ሁሉ መለካት ጀመርኩ፤ የበራችንን ደፍ፣ የመንገዱን ጠርዝ፣ የጎረቤታችንን መግቢያ። በየቱ ላይ በራሴ ክንድ እንደምወጣ፣ በየቱ ላይ ወደ ኋላ እንደምሄድ እየጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ልኩ ወጣልኝ፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ርዝመት። ለዚያ መግቢያ አርባ አምስት ሳንቲ ከፍታ አምስት ሜትር ከአርባ። እኔ የሰጠሁት ሁለት ሜትር! እጄን በአፌ ጫንኩ። ግን ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ውስጤ አንድ ነገር መቁነጥነጥ ጀመረ። ይህን ነገር መሥራት አማረኝ። ከወደቅኩ ወዲህ መጀመሪያ ሥራ ያማረኝ የዚያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ ተራዬ ሲደርስ ስልኬን አወጣሁ።

"የሳምንቱ አዲስ ነገሬ" አልኩ፣ "እውነቱን መናገር ነው። ራምፑን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መስሏቸዋል። ስልኬን አዞርኩት፤ ራምፑ ላይ ተንበርክኬ፣ አውራ ጣቴን አቁሜ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ የተነሳሁት ፎቶ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሳቁ በየተራ እየጠፋ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሹፌሯ እጅ ደረሰ። እንድትሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድቧን ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ፎቶውን አየች፣ እግሮቼን አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና በጓዳው በር ወጣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም። ሆስፒታል ደወልኩ፤ "ከእንግዲህ በሽተኛ አልጎበኝም ብላለች" አሉኝ። ደነገጥኩ። ያቺ ሴት አልጋዬ ሥር ባትመጣ ኖሮ አሁንም ፊቴ ከዚያ ጠማማ ግድግዳ ጋር ነበር። ከእኔ በኋላ ስንት ሰው ግድግዳውን እያየ ይሆን?

ባለቤቴ "ላድርስህ?" አለች።

"ስልሳ ቁጠሪ" አልኳትና ወጣሁ።

ብቻዬን መንገድ የወጣሁት የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ሁለት ሰፈር ማቋረጥ ነበረብኝ። ክንዴ ነደደ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የፊት ጎማዬ ገብቶ አትክልት የምትሸጥ ሴትዮ አወጣችልኝ፣ አንድ ውሻ እስከ መንገዱ ጫፍ እየጮኸ ሸኘኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ይይ! ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ሰው ነኝ። የሹፌሯ በር ላይ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ ነበር።

በሩን ከፈተችና ከኋላዬ ሰው ፈለገች። "ማን አመጣህ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

ለአፍታ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ጨለመ። "ሂድልኝ። ምላሴ ነው የሰበረህ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ… እግሩ ተይዞ እያልኩ…" ያቺ ነርስ የምታስደነግጥ ሴት እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እኔም ላለቅስ ነበር፤ ግን ንዴቴ በለጠ። "ስሚ" አልኳት። "ጣውላውን ያላሰርኩት እኔ ነኝ። ሽቦው ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴ ውስጥ! አንቺ ከኪሴ አልሰረቅሽውም። ያንቺ ምላስ እንዲህ የሚሠራ ቢሆን ይሄኔ ግማሹ ከተማ ዊልቸር ላይ ነበር።"

በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። "እውነትህን ነው፤ የታክሲ ሹፌሮቹን ብቻ ብትቆጥር…"

"ታዲያ? ሞተር!"

ከልምድ የተነሳ በክንዷ ተደግፋ ብድግ አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

"አሁን ሥራ አለን" አልኳት። "ያን ራምፕ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ። የሚለካልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የእኔ ክንድ አዲስ ነው፣ አይታመንም፤ ያንቺ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል።"

በማግስቱ ፎርማኑ ጋ ሄድኩ። የአዲሱን ራምፕ ንድፍ የያዘውን ወረቀቴን አገላብጠው አዩት። ራምፑ ቀጥ ብሎ ግቢው ውስጥ ስለማይገባ መሃሉ ላይ ታጥፎ፣ ማጠፊያው ላይ ሜዳ ማረፊያ ይኖረዋል። ሹፌሯ ሦስት ዓመት በጓዳ በኩል እንደገባችም ነገርኳቸው። "ሁለት ሜትር ያልኩህ እኔ ነኝ" አሉ አንገታቸውን እያከኩ። "ሲሚንቶውና ሁለት የቀን ሠራተኞች ከእኔ። ግን ውሃ ልክ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ተንበርክከህ ልትሠራ አትችልም።"

"ተቀምጬ እሠራለሁ።"

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይዣለሁ፤ ሊፍቱ ገብቷል፣ ወለሉ ሁሉ ሴራሚክ ይጠብቃል። ያቺ የምትላት ሴት ማንም ሳይነካት እስከ በሩ ከወጣች ወለሉ ያንተ ነው። ካልወጣች የበሩን ጥበቃ ትይዛለህ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ሴራሚክ አናወራም።"

እጅ ለእጅ ተማታን።

አርብ ጠዋት የድሮው ራምፕ ፈረሰ። የመጀመሪያውን መዶሻ ለሹፌሯ ሰጠኋት፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነውና ሴራሚኩን ያለ ርኅራኄ አደቀቀችው። ከዚያ ሠራተኞቹ ጎንና ጎኑን በድንጋይ ገነቡ፣ መሃሉን ሞሉ። ሹፌሯ በየደረጃው ሳንቃ እየተዘረጋላት ወጣች ወረደች። "እዚህ ጋ ክንዴን ያዘኝ" ትላለች፤ ሁለት ሳንቲ እናወርዳለን። "አሁን ሻይ ይዤም እወጣለሁ" ትላለች፤ ምልክት አደርጋለሁ።

እሑድ የእኔ ቀን ሆነ። የዊልቸሬን ወፍራም ትራስ መሻገሪያ ሰሌዳዬ ላይ አስሬ፣ ከዊልቸሬ ወርጄ መሬት ተቀመጥኩ። ከላይ ጀምሬ ወደ ኋላ በክንዴ እየተንፏቀቅኩ ወደ ታች እሠራለሁ። ሞልታው፣ በውሃ የተቦካው ሲሚንቶና አሸዋ፣ በባልዲ ይመጣልኛል፣ እዘረጋዋለሁ፣ በሲባጎው አስተካክለዋለሁ። የሲሚንቶው ሽታ! ናፍቆኝ ነበር። እጄ አንዳች አልረሳም፤ ሐኪሙ ያኔ የተናገረውን ሁለተኛውን ግማሽ አሁን ሰማሁት። በደስታ ስለሰከርኩ መቀመጫዬን ረሳሁት፤ የሹፌሯ ፊሽካ ጆሮዬን ሰነጠቀው።

"ሞተር! ሃያ ደቂቃ አለፈህ! ለራምፕ ብለህ ስድስት ወር በደረትህ ልትተኛ ነው?"

ብድግ አልኩ። በየሩብ ሰዓቱ ፊሽካ፣ በየሩብ ሰዓቱ ብድግ። ሠራተኞቹም ሳያስቡት አብረውኝ ብድግ ማለት ጀመሩ።

ፈተናው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተዳፋቱን እንደ ልማዴ አለሰለስኩት። መስተዋት! መዳፌን አሳለፍኩበት፣ ደስታ ተሰማኝ። ቀና ስል ሹፌሯ ዝም ብላ ታየኛለች።

"ያምራል" አለች። "ዝናብ ሲዘንብ እዚያ አጥሩ ላይ ታገኘኛለህ።"

መጥረጊያ አምጡልኝ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጀመርኩት። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ መጥረጊያውን በአግድም ጎተትኩት፤ ያ ሁሉ ልስላሴ ጭረት በጭረት ሆነ። አሥራ ስድስት ዓመት ከወለል ላይ ሳሳድደው የኖርኩትን ሻካራ በገዛ እጄ ዘራሁት። ጎማ የሚይዘው ግን እሱን ነው። ጨርሼ መዳፌን ሳሳልፍበት ቆረቆረኝ፤ ወደድኩት። ማረፊያውን፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር ዝናብ የማያገኘውን፣ ሻካራ ሴራሚክ አነጠፍኩበት። ያን እንኳ ማንም አይነካብኝም፤ ውሃ ልኬን በአራቱም አቅጣጫ አስቀመጥኩ፣ አረፋዋ ከመሃል ፍንክች አላለችም።

ሦስት ቀን ውሃ እያጠጣን ጠበቅን። ሐሙስ ደረሰ፤ ያ ከሰርጌ ያስበለጥኩት ሐሙስ። አሥሩም ሰዎች ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ባለቤቴ ክፍሏን ለሌላ መምህርት ትታ መጥታለች። ፎርማኑ አጥሩን ተደግፈው ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ሹፌሯ ጓንቷን አጠለቀች። "ማንም እንዳይነካኝ!" አለችና ጎማዋን ገፋች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ክንዷን አየሁ፤ አይንቀጠቀጥም። ከሥር ባለቤቴ ትቆጥራለች፤ በዚህ ቀን አንድም ቁጥር አልዘለለችም። ሃያ ሦስት ላይ ሹፌሯ ማረፊያው ላይ ደረሰች።

እዚያ ቆመች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጎማው አነሳችና ወደ ላይ ዘረጋች። አንድ ሰው "ያዟት!" ብሎ ጮኸ። ዊልቸሩ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላለም። እጇን እንደዘረጋች ቁጭ ብላ ቀረች፤ እኔ ያነጠፍኩት ወለል ላይ።

"አንተ ሰውዬ!" አለች ሳትዞር። "ምላሴ ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

"አይሠራም ብያለሁ" አልኩ።

"እኔ ግን አላመንኩህም። በክፉ ሠርቶ እንደሆነ በደጉም ይሥራ። ይህን የሠራ ሰውዬ እጁ አይዛል! ወለል አይጣ! በሠራው ሁሉ መጀመሪያ ራሱ ይውጣበት!"

"አሜን!" አለ ግቢው ሁሉ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የፎርማኑ ድምፅ ነው። ሹፌሯ ቀሪውን ወጥታ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በፊት በር ገባች። እኔ ተከተልኳት። ማንም አልነካኝም። ጭረቶቹ ከጎማዬ ሥር ኩርርር ሲሉ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረግኩትም፣ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ፎርማኑ በሩ ላይ ደረሱብኝ። "ሰኞ ሁለት ሰዓት" አሉ። "ከአራተኛው ፎቅ ትጀምራለህ።"

"አለቃ፣ የሕንፃው መግቢያ ስንት ደረጃ አለው?"

ሰማይ ሰማዩን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ማከክ ጀመሩ። "ስድስት" አሉ።

ስድስት ደረጃ ዘጠና ሳንቲ ነው። ዘጠና በአሥራ ሁለት፣ አሥር ሜትር ከሰማንያ። "እንግዲያው ከአራተኛው ፎቅ አልጀምርም" አልኳቸው። "ከበሩ ነው የምጀምረው።"

ከውስጥ ፊሽካ ተነፋ። ሩብ ሰዓት ሞልቶ ነበርና በክንዴ ተደግፌ ብድግ አልኩ።